የፊርደውስ ፒያኖና የመካነ ሰላም እንባ

ሥራዬ ጩኸት ማከራየት ነው። ሁለት ሞንታርቦ፣ አንድ ሚክሰር፣ ጥቂት ማይክና ሳል የማይለቀው አንድ ጄኔሬተር አለኝ። መካነ ሰላም ውስጥ ሰርግ ሲሆን፣ ምርቃት ሲሆን፣ ስብሰባ ሲሆን «ፈንታውን ጥሩት» ይባላል። ሙሽራው ሲገባ ሙዚቃው ለአፍታ ቢቋረጥ ሚዜዎቹ የሚያፈጡብኝ በሬያቸውን የነዳሁባቸው ይመስል ነው። ስለዚህ ከዝምታ ጋር ጥል ነበርኩ። ይህን ከወዲሁ የምነግራችሁ፣ ስለ ፊርደውስ የሚያወራላችሁ ሰው ሙዚቃ የተማረ እንዳይመስላችሁ ብዬ ነው። አልተማርኩም። ግን ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ ከነበርነው ሁሉ ስለ ፒያኖዋ በእውነት መመስከር የምችል እኔ ብቻ ነኝ። የሚያበሽቀኝም ይኸው ነው።

ፊርደውስ የዘይነባ ልጅ ናት። አባቷ «ሁመራ ሰሊጥ ደርሷል» ብሎ እንደወጣ በዚያው ቀረ፤ ሞተ እንዳይባል ሬሳ የለ፣ አለ እንዳይባል ወሬ የለ። ዘይነባ በርበሬ እየቸረቸረች ሁለት ልጆች ልታሳድግ ሞከረች፤ ትልቋ ፊርደውስ፣ ትንሹ አዩብ። በርበሬው ከዓይኗ እንባ አወጣ እንጂ ለልጆቹ ልብስ አላወጣም። ፊርደውስ ገና ፊደል እንደለየች ዘይነባ በዑምራ ስም ጅዳ ገባችና ሰው ቤት ተቀጥራ እዚያው ቀረች። የመኖሪያ ወረቀት ስላልነበራት ልጆቼን ልይ ብላ ብትመጣ መመለሻ የላትም። ስለዚህ አልመጣችም። እሷ እነሱን በፎቶ አወቀቻቸው፣ እነሱም እሷን በስልክ።

ልጆቹን ያሳደገቻቸው ጎረቤቷ እቴቴ ስመኝ ናት። እቴቴ ስመኝ ማኅበር የምትጠጣ፣ ረቡዕና ዓርብ የምትጾም ክርስቲያን ናት። ግን ለእነዚያ ልጆች ዶሮ በገዛች ቁጥር ሸህ ሀምዱ ደጅ ወስዳ ታሳርዳለች፤ የሚሠራበት ድስትም ለብቻው ነው። ከቁርኣን ቤት ሲቀሩ በአለንጋ የምታባርራቸውም እሷው ነበረች።

ኪቦርዱ የመጣው ከጅዳ ነው። የዘይነባ አሠሪዎች ልጅ ሰልችቶት ሊጥለው ሲል ለምና ወሰደችና፣ አገሯ በምትመለስ የአጅባር ሴት እጅ ላከችው። ክንድ የማይሞላ ዕቃ ነው፤ አንዷን ቁልፍ ሲጫኗት ራሱ ከበሮ እየመታ ራሱ ይዘፍናል። ሦስት ቁልፎች ግን ድምፅ አልነበራቸውም። ልጅቱ ይዛልኝ መጣች። ፈታሁት፤ ውስጡ ተቃጥሏል።

«ይሄ አይሆንልሽም» አልኳት።

«ሌሎቹ ይሠራሉ አይደል?»

«ይሠራሉ።»

«በቃ፣ እነዚህን እዘላቸዋለሁ» ብላ አቅፋው ሄደች።

እውነትም ስትዘላቸው አደገች። መብራት ሲመጣ እንግዳ በሆነበት ከተማ ኪቦርዱ የሚነሳው በባትሪ ድንጋይ ነው። ድንጋዩ ሲደክም ቆርቆሮ ላይ ታሰጣዋለች፤ ፀሐይ ሲሞቀው ጥቂት ነፍስ ይዘራል፣ እሷም ያቺ ነፍስ ሳትወጣ ለመጨረስ ትጣደፋለች። በኋላ አዲስ አበባ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ስትገባ መምህሯ «ማን ነው ጣትሽን እንዲህ ያፈጠነው?» ቢላት «ባትሪ» ብላ መለሰች አሉ።

አጎቷ አሕመድኑር የዘይነባ ወንድም ነው፤ ጨርቅ ይሸጣል። በመውሊድ ድቤ ይዞ መንዙማ የሚመራ፣ ድምፁ ልብ የሚያሸብር ሰው ነው። የእህቱ ልጅ ሙዚቃ ማለቷን ግን አልወደደውም። «አዝማሪ ልትሆኝ ነው?» ይላታል። ልጅቱ እሱ የሚለውን መንዙማ በጆሮዋ ለቅማ በኪቦርዱ ስትጫወተው በር ላይ ቆሞ ያዳምጥና፣ ሲያልቅ ጉሮሮውን ጠርጎ «በቃ አጥፊው፣ ድንጋዩን ጨረስሽው» ብሎ ይሄዳል። አዲስ አበባ ልትማር ስትሄድም መሳፈሪያ ድረስ ሻንጣዋን የተሸከመው እሱ ነው፤ እየተቆጣ።

እዚያ እውነተኛ ፒያኖ አየች። የመጀመሪያው ቀን አለቀሰች። ቁልፎቹ ከበዷት፤ እሷ የለመደችው እንደ ወረቀት የሚጫኑትን ነው። ከዚያ ደግሞ ሦስቱም ድምፆች አሉ። «ጋሽ ፈንታው፣ የሞቱ መስለውኝ የኖሩ ሰዎች ቤት የገባሁ መሰለኝ» አለችኝ ለክረምት ስትመለስ። ሱቄ ባንኮኒ ላይ ተቀምጣ በባዶ እንጨት በጣቷ ትለማመዳለች፤ የሚያልፈው ሰው «ይችን ልጅ ምን ነክቷታል?» ይላል። እኔ «ጅዳ ላለችው እናቷ ቴሌግራም እየመታች ነው» ብዬ አባርረዋለሁ።

የትምህርት ቤቷ ሰዎችም ቢሆኑ ጸባይዋን አልቻሉትም። የሙዚቃ ዝግጅት ሲኖር ሌላው ተማሪ የታወቀ የፈረንጅ ሥራ መርጦ፣ በመጨረሻ ጭብጨባ የሚያመጣ አንድ የአገር ቤት ዜማ ጣል አድርጎ ይወርዳል። እሷ ግን የማይገናኙ ነገሮችን ጎን ለጎን ታስቀምጣለች፤ ከሦስት መቶ ዓመት በፊት አንድ ጀርመናዊ የጻፈውን ሳታቋርጥ ከአንቺሆዬ ቅኝት ጋር ታጋጥመዋለች፣ ወይም ሰው የሚጠብቀውን የመጨረሻ ድምፅ ትከለክለዋለች። ለምን ሰው ታስቸግሪያለሽ ስላት «ሰው የሚያውቀውን ብቻ ሲሰማ እየሰማ አይደለም፣ እያስታወሰ ነው» አለችኝ። አፍ ያለው ጤፍ ይቆላል አልኩ በልቤ።

በመጨረሻው ዓመቷ፣ ሁለት ሺህ አራት ላይ ነው፣ ዘይነባ በስልክ አንድ ነገር ጠየቀቻት። «ልጄ፣ ያንቺን ሙዚቃ የኛ ሰው ይሰማዋል ወይ? ወይስ የፈረንጅ ብቻ ነው?» ያን ሁሉ ዓመት የሰው ቤት ወለል የወለወለች እናት ስትጠይቅ እንዲያው በሞላ ጎደል አይመለስም። ከመመረቋ በፊት መካነ ሰላም መጥታ በወረዳው አዳራሽ ልትጫወት ወሰነች። ሱቄ መጥታ ሞንታርቦ ስትለምነኝ ቁርጡን ነገረችኝ።

«የኛ ሰው ካልሰማኝ እተወዋለሁ። ሌላ ሥራ ፈልጌ እናቴን አሳርፋታለሁ።»

«ስንት ሰው ከሰማሽ ነው የሚበቃሽ?»

«አንድ ሰው። ግን ከልቡ።»

አንድ ሰው ብቻ መጠየቋ አናደደኝ። ልጅ ሆኖ እንዲህ ትንሽ ነገር መመኘት ምን ይሉታል? ሞንታርቦውን በነፃ ሰጠኋት።

ከዚያ ያለው ሩጫ የሚያስቅ ነበር። አዳራሹን የያዘው አለምነው፣ ያ ዘመን እንደነበረው፣ ማንኛውም ነገር ከልማት ጋር ካልተያያዘ አይገባውም። «ፒያኖው ከግብ ስኬታችን ጋር ያለው ትስስር ምንድነው?» ብሎ ጠየቃት። «ጸጥ ብሎ መቀመጥ ያለማምዳል» ብትለው ፈቀደ። በእውቀቱ የሚባል የትምህርት ቤት ጓደኛዋ ሙሉ ቁልፍ ያለው የኤሌክትሪክ ፒያኖ አዋሳት፤ በፍራሽ ተጠቅልሎ፣ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ታስሮ፣ በደሴ አድርጎ መጣ። ማስታወቂያውን በእጇ ጽፋ ለጠፈች። ቅዳሜ ከገበያ በኋላ፣ በአሥር ሰዓት። ሰው እያነበበ «አበል አለው?» ይላል። የሌለው መሆኑ ሲነገረው ይሄዳል። እኔም በሆዴ እቴቴ ስመኝ፣ አዩብና እኔ ሆነን ሦስት ወንበር እንደምናሞቅ ገምቼ ነበር።

ረቡዕ ዕለት አቀስታ ሰርግ ነበረብኝና ሄድኩ። ቅዳሜ ቀትር ላይ እንደምመለስ ቃል ገባሁላት።

አሁን የምነግራችሁን ያን ጊዜ እኔ አላውቅም ነበር፤ እናንተ ግን ከአሁኑ እወቁት። ሐሙስ ማታ ለአሕመድኑር ከጅዳ ስልክ ተደወለለት። ደዋይዋ ዘይነባ ከምትሠራበት ቤት አጠገብ የምትሠራ ያገራችን ልጅ ናት። ዘይነባ ጠዋት ሳትነሳ ቀረች። ምን ነካት፣ አልታወቀም። እዚያው ቀበሯት። ነገሩ ይኸው ነው፤ ከዚህ በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

እኛ ዘንድ መርዶ እንዲሁ አይነገርም። ዘመድ ይሰበሰባል፣ ሽማግሌ ይመረጣል፣ ሌሊቱ ሊነጋጋ ሲል በር ይንኳኳል። የዘይነባ ታላቅ እህት ከላላ ውስጥ ካለ ሩቅ ቀበሌ እስክትመጣ እስከ እሑድ መጠበቅ ግድ ሆነ። ሊያመጣት የተላከው፣ ምንም ሳይነገረው፣ አዩብ ነው። ሸህ ሀምዱ፣ አሕመድኑርና እቴቴ ስመኝ መከሩ። የፒያኖውን ዝግጅት እናስቀር ቢሉ ልጅቱ ለምን ማለቷ አይቀርም። ስለዚህ ትጫወት፣ እሑድ ሊነጋጋ ሲል ይነገራት ተባለ። ሌላው ነገር ደግሞ ማንም ሳይመክርበት ሆነ። አገር ያወቀው ፀሐይ የሞቀው ነገር ነውና፣ ወሬውን የሰማ ሁሉ ለልጅቱ ፊቱን ማሳየት ፈለገ። ለቅሶ ቤት መሄድ ገና አይቻልም። አዳራሽ መሄድ ግን ይቻላል።

በነዚያ ቀናት ፊርደውስ ለእናቷ ስትደውል ስልኩ ዝግ ነው። ጨነቃት።

«አጎቴ፣ እማዬ ለምን አታነሳም?»

«አብሽሪ፣ ደህና ናት። እመቤትየዋ እንግዳ መጥቶባት ስልክ አትያዢ ብላት ነው።»

«አናገሯት?»

«ወላሂ! ትናንት አናገርኳት።»

«ቅዳሜ በስልክ እንድትሰማኝ ነበር።»

ምን ይበላት? «በሰው ስልክ እኔ ጋ ትደውላለች፤ እኔ ስልኩን ከፍ አድርጌ እይዝልሻለሁ» አላት። እቴቴ ስመኝ ኋላ ስትነግረኝ፣ ይህን ብሎ ከቤት እንደወጣ ያን ቀን ሱቁን ሳይከፍት ዋለ።

ቅዳሜ ከአቀስታ የመጣሁበት ሚኒባስ ጎማ ፈንድቶበት አረፈድኩ። ዕቃዬን በቀጥታ አዳራሽ አውርጄ ገመድ ለገመድ ሳገናኝ ማንም ወሬ ሊነግረኝ ጊዜ አልነበረውም፤ ደግሞ ልጅቱ አጠገቤ ቆማለች። ቀና ስል አዳራሹ ጢም ብሏል። አግዳሚው አልበቃ ብሎ ሰው በየግድግዳው ቆሟል። ነጋዴው፣ አስተማሪው፣ ካህኑ፣ ከገጠር ለገበያ የመጣው ሁሉ አለ። «ማሻአላህ!» አለች ፊርደውስ በሹክሹክታ፤ እጄን ጭምቅ አደረገችው። ጣቷ በረዶ ነበር። እኔም ደረቴን ነፋሁ፤ ሞንታርቦዬ ሰው የጠራ መሰለኝ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ማለት ይኼ ነው።

አንዲት አሮጊት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው ገቡ፣ እንደ ሐዘንተኛ። እቴቴ ስመኝ ሮጣ ጥለቱን ገልብጣ አስተካከለችላቸው። እቴቴ ዛሬ ደግሞ የሰው ልብስ ትቆጣጠር ጀመር ብዬ ሳቅሁ። አሕመድኑር ፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ ሞባይሉን በደረቱ ልክ ወደ ላይ ይዟል። ፊርደውስ በዓይኗ ስትጠይቀው ራሱን ነቀነቀላት፤ መስመር ገብታለች፣ እየሰማች ነው እንደማለት።

አለምነው የማይቀረውን ንግግሩን አደረገ። ከዚያ ተጀመረ።

መጀመሪያ የጀርመኑን ተጫወተች። አንዱ እጇ አንድ ነገር ይላል፣ ሌላው ያንኑ እየደገመ ይከተለዋል፤ ይሸሻል፣ ይደርስበታል። እኔ የገረመኝ ሰው ነው። የኛ ሰው እንኳን እንዲህ ያለውን ነገር፣ የራሱን ልጅ ምርቃትም ያለ ወሬ አያይም። ያን ቀን የሚያስል እንኳ ጠፋ። ሲያልቅ አንድ ሁለት ሰው ሊያጨበጭብ እጁን አነሳና መለሰው። ፊርደውስ ዝምታውን አየችና ፊቷ በራ። ጎንበስ ብላ እጅ ነሳች።

ሁለተኛው አስቸጋሪው ነበር። ቀኝ እጇ አንቺሆዬ ይጫወታል፣ ግራው ሌላ አገር ነው፤ ሁለት ጎረቤታሞች ተኳርፈው በአንድ አጥር ግራና ቀኝ የሚያንጎራጉሩ ይመስላል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሳቅ አዳራሹን ባፈረሰው ነበር። ማንም አልሳቀም።

ለሦስተኛው ተነሥታ ማይኩን ያዘች። «ይህ የራሴ ድርሰት ነው፤ የስልክ ቀን ይባላል» አለች። «እናቴ ዓርብ ዓርብ ትደውልልን ነበር። ከጅዳ ድምፅ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው፤ ተናግራችሁ ትጠብቃላችሁ። እኔ እዚህ የራሴን ድርሻ እጫወታለሁ። የእሷን ግን ባዶ እተውላታለሁ። አሁን በስልክ እየሰማችኝ ስለሆነ፣ እዚያ ሆና ትመልስልኛለች።»

ተቀመጠችና ጀመረች። አጭር ነገር ነው፤ ልጅ እናቱን ሰላም ሲል እንደሚጣደፈው። ከዚያ እጇን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ምንም የለም። እኔ ደንግጬ ወደ ጄኔሬተሩ ዘለልኩ፤ የተቃጠለ ነገር ፈለግሁ፣ ገመዱን ነካካሁ። ሁሉ ደህና ነው። ዞሬ ሳያት አንገቷን ወደ አጎቷ ስልክ ዘንበል አድርጋ እየጠበቀች ነው። ያኔ ገባኝ። እህቴ የሻለም ቤሩት ናት። ደህና ነሽ ወይ ብያት፣ ድምፄ ባሕሩን አቋርጦ እስኪደርስ፣ የእሷ እስኪመለስ፣ ያችን ባዶ ጊዜ ስንት ዓመት ሙሉ ጆሮዬን ለጥፌ ጠብቄያታለሁ። ማንም ነግሮኝ የማያውቀውን የራሴን ነገር ይህች ልጅ አዳራሽ መሐል አውጥታ አስቀመጠችው። ደግማ ተጫወተች፣ ይኸኛው ጥያቄ ነው፤ ደግማ ጠበቀች፣ ይበልጥ ረዘም አድርጋ። ዓይኔ ሞላ። አልከለከልኩትም።

በሦስተኛው ዝምታ ከሴቶቹ በኩል አንዲት ሳግ ተሰማች። ከዚያ ሌላ። ከዚያ አዳራሹ በሙሉ። ሸህ ሀምዱ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። አሕመድኑር ስልኩን አላወረደውም፣ እንባው በጺሙ ይወርዳል። ፊርደውስ ይህን ሁሉ አየች። እያየች፣ ፈገግ እያለች፣ የመጨረሻዋን ጥያቄ ተጫወተችና የመጨረሻውን ባዶ ተወችው። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ ያን ቀን አልገደደም።

ስትጨርስ ከመድረኩ ሮጣ ወርዳ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። «ሰሙኝ፣ ጋሽ ፈንታው! ሁሉም ሰሙኝ!»

«ሰማንሽ፣ የኔ ልጅ» አልኳት።

ወደ አጎቷ ሄደችና ስልኩን ልትቀበለው እጇን ዘረጋች። «ሂሳብ አልቆ ተቋረጠ» አላት ኪሱ እየከተተው።

«ምን አለች?»

«አለቀሰች» አላት አሕመድኑር። «ወላሂ፣ አለቀሰች።»

ያን ምሽት ፊርደውስ እቴቴ ስመኝ ቤት እራት አልበላም ብላ ስታወራ አመሸች አሉ። እቀጥላለሁ፣ ለሁለተኛው ዲግሪ እወዳደራለሁ፣ እማዬን አሳፍሬያት አላውቅም እያለች። እቴቴ ስመኝ ድስት የምታጥብ መስላ ጀርባዋን ሰጥታት ቆማ አደመጠች።

ሊነጋጋ ሲል ጩኸቱ ቀሰቀሰኝ። ደርሼ ሳይ ከከላላ የመጣችው አክስት መሬት ላይ ናት፣ አዩብ ሽማግሌዎች እጅ ላይ ይወራጫል። ያኔ ነው የሰማሁት። ፊርደውስ ግን አላለቀሰችም። ግድግዳ ሥር ቁጭ ብላለች። እቴቴ ስመኝ ኋላ እንደነገረችኝ፣ መጀመሪያ ግድግዳ ተደግፋ ቆማ ነበር። ሸህ ሀምዱ «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» ብለው ነገሩን ሲነግሯት፣ መቼ ሞተች ብላ ጠየቀች። ለሐሙስ አጥቢያ አሏት። «ትናንት አዳራሹ ውስጥ ይህን ያላወቀ ሰው ነበር?» ብላ ሁሉንም በየተራ አየቻቸው። ማንም አፉን አልከፈተም። አንዱ ሽማግሌ ሊያጽናናት ብሎ «ልጄ፣ አንቺን ብሎ ያልመጣ የለም፣ አገሩ በሙሉ አብሮሽ አለቀሰ» አላት። ልጅቱ ያኔ ነው ተንሸራታ ቁጭ ያለችው። ይህ ሁሉ ሲሆን እኔ ገና ከቤቴ እየሮጥኩ ነበር።

ሸህ ሀምዱ ላይ ጮኽኩባቸው፤ ሽማግሌ ላይ ጮኼ አላውቅም። «ለእሷ ብለን ነው፣ ፈንታው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ለእሷ ብለው ነው። ክፉ ሰው በነገሩ ውስጥ ቢኖር አንድ ነገር ነበር፤ ይዤ አንቀው ነበር። አሕመድኑርን ልሳደብ ሄጄ ሳየው የራሱ እህት ሞታበት፣ ሳያለቅስ ሰንብቶ፣ ባዶ ስልክ ተሸክሞ የዋለ ሰው ነው። ምን እለዋለሁ? ደግነታችን ነው ልጅቱን የጨረሳት። የዚህ አገር ደግነት ያስጠላኛል፤ ሌላ ደግሞ አላውቅም።

የዘይነባ ሰደቃ ካለፈ በኋላ ሰው ሲቀንስ ጠብቄ ሄድኩ። ጥግ ላይ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣለች፤ ፒያኖው በፍራሹ ተጠቅልሎ ለበእውቀቱ ሊመለስ በር ሥር ቆሟል።

«ፊርደውስ፣ እኔ አላውቅም ነበር» አልኳት። «ከአቀስታ የገባሁት በዚያው ሰዓት ነው። የነገረኝ የለም። ያለቀስኩት ሳላውቅ ነው። ለሙዚቃው ነው ያለቀስኩት፣ ለዚያች ለተውሻት ባዶ ቦታ። አንድ ሰው ብለሽኝ አልነበር? ይኸው እኔ አለሁ።»

ቀና ብላ አየችኝ። ፊቷ ላይ ቁጣ የለም፤ ቢኖር እወድ ነበር።

«አላህ ይስጥልኝ፣ ጋሽ ፈንታው» አለችኝ። «እኔን ለማጽናናት ብለው ነው።»

«ማርያምን እልሻለሁ! የሻለም ትሙት!»

«አጎቴም ወላሂ ብሎኝ ነበር።»

የሚኒባሱን ሾፌር ይዤ መጣሁ፣ ጎማው የፈነዳበትን። አብሮኝ እንደነበረ፣ ወሬው መንገድ ላይ እንዳልደረሰን በቁርኣን ማለላት። አመሰገነችው፤ ሻይ እንዲቀርብለት አዘዘች፣ ስለ ልጆቹም ጠየቀችው። ሲወጣ በር ድረስ ሸኘችው። ለእኔም እንደዚያው አደረገች።

ምረቃዋ ላይ አልተገኘችም። በመስከረም ኮንትራት ፈርማ ጅዳ ሄደች፣ የሰው ቤት ልትሠራ። በዒድ ለእቴቴ ስመኝ ትደውላለች፤ እኔንም ትጠይቃለች፣ ደህና ናቸው ወይ፣ ጄኔሬተሩስ ትላለች። ስልኩን ተቀብዬ ስለ ፒያኖ ካነሳሁባት መስመሩ ተበላሸ ትላለች። አገር ቤት እያለች አንድ ሰው እንኳ ከልቡ እንዳልሰማት አምና ትኖራለች።

እኔ ግን እውነቴን ነበር።